ሹሙና ምስለኔው

ባለፈው ክረምት ይፋግ እናቴ ቤት ሰንብቼ ነበር። ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር የሚማረው የእኅቴ ልጅም ለዕረፍት መጥቶ፣ ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ የቤት ሥራውን ሲጽፍ ይውላል። አንድ ቀን ቀና አለና “ጋሼ፣ ሱዶ ተርሚናልን ሐሳዊ ተርሚናል ብዬዋለሁ፤ ያስኬዳል?” አለኝ። መልስ ሳልሰጥ እናቴ ከጓዳ “በስመ አብ! የምኑ ሐሳዊ ነው ደግሞ እሱ?” ብላ አማተበች። እሷ የምታውቀው ሐሳዊ አንድ ብቻ ነው፤ በዘመን ፍጻሜ የሚመጣው።

እኔና ልጁ ሳቅን። በኋላ ግን ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። መዝገበ ቃላት ቢጠየቅ ለልጁ ይፈርዳል። ዕቃውን የሚያውቅ ሰው ቢጠየቅ ግን ፍርዱ ለእናቴ ነው።

‹ሱዶ› የግሪክ ቃል ነው፤ ‹ፕሴውዶስ› ውሸት ማለት ነው። ወንጌል ከግሪክ ወደ ግዕዝ ሲመለስ ተርጓሚዎቹ ይህን ቃል የተኩት በ‹ሐሰወ› ቤተሰብ ነው። ሐሰት፣ ሐሳዊ፣ ሐሰተኛ ሁሉ ከዚያ የወጡ ናቸው። ስለዚህ ሐሳዊ መሲሕና ሱዶ ተርሚናል በግሪኩ በኩል የአንድ ቤት ልጆች መሆናቸውን መካድ አይቻልም። ነገር ግን እንግሊዝኛ ቃሉን ከተዋሰ ወዲህ አለሳልሶታል። ሳይንቲስት ‹ሱዶ› ሲል ‹ይመስላል እንጂ አይደለም› ማለቱ ነው፤ ‹ዋሽቶ ነው› ብሎ መክሰሱ አይደለም። የእኛ ‹ሐሳዊ› አልለሰለሰም። ከነኀጢአቱ አለ።

ዕቃው ምን እንደሆነ ልንገር። የዛሬ ስልሳ ዓመት ገደማ ኮምፒውተር ከቁም ሣጥን የሚገዝፍ ማሽን ነበር። ሰው ከእሱ ጋር የሚነጋገረው በቴሌታይፕ ነው፤ ቁልፍ ሲመታ ፊደሉን በሽቦ የሚልክ፣ መልሱን በወረቀት ጥቅል ላይ እያንቋቋ የሚያትም የጽሕፈት መኪና ማለት ነው። በ1969 እ.ኤ.አ. ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ በቤል ቤተ ሙከራ ዩኒክስ የተባለውን የኮምፒውተር ሥርዓት ሲጀምሩ የሚጽፉት በዚህ ላይ ነበር። ዛሬም የዩኒክስ ዘመድ በሆነው ሊኑክስ ውስጥ ‹ቲቲዋይ› የምትል ምሕጻር በየቦታው ትገኛለች፤ የቴሌታይፕ አጽም ናት። ቆይቶ ወረቀቱ በመስታወት ተተካ። በ1978 እ.ኤ.አ. ዲጂታል ኢኩዊፕመንት የተባለው ኩባንያ ያወጣው ቪቲ 100 በ24 መስመር 80 ዓምድ ያሳይ ነበር፤ ለሌሎቹም መለኪያ ሆነ። ከዚያ እሱም ጠፋ። ያልጠፉት ፕሮግራሞቹ ናቸው። ከቴሌታይፕ ጋር ሊነጋገሩ የተጻፉ እልፍ ፕሮግራሞች አነጋጋሪያቸው ከሞተ በኋላም ያንኑ እየጠበቁ ቀሩ።

መፍትሔው ከከርነሉ፣ ማለትም ኮምፒውተሩን ከሚያስተዳድረው የሥርዓቱ እምብርት፣ መጣ። በ1983 እ.ኤ.አ. ከበርክሌይ የወጣው የዩኒክስ ዝርያ፣ 4.2 ቢኤስዲ፣ ይዞት ወጥቷል። ከርነሉ ሁለት ጫፍ ያለው ነገር ይሠራል። አንደኛውን ጫፍ የዱሮው ፕሮግራም ይይዛል፤ ለእሱ ያ ጫፍ በሁለመናው ተርሚናል ነው። ሁለተኛውን ጫፍ ሌላ ፕሮግራም ይይዛል፤ በቁልፍ መቺው ፈንታ ፊደል ያስገባል፣ በወረቀቱ ፈንታ የወጣውን ያነባል። ሽቦ የለም፣ ወረቀት የለም፣ ሰውም ላይኖር ይችላል። ሱዶ ተርሚናል ይህ ነው።

በነገራችን ላይ ቴሌታይፕ ለእኛ እንግዳ አልነበረም። ኢንጂነር አያና ብሩ የግዕዝን ፊደል ከጽሕፈት መኪና ጋር ያስታረቁ ሰው ናቸው፤ ኢንጂነር ተረፈ ራስወርቅ ደግሞ ግዕዝ የሚጽፍ ቴሌፕሪንተር ሠርተዋል። ‹ቴሌ› በግሪክ ‹ሩቅ› ማለት ነበር። እኛ ዘንድ ቅርብ ሆኗል፤ “ቴሌ ሄጄ ሲም አወጣሁ” የሚል ሰው ሩቅ መሄዱ አይደለም።

ወደ ‹ተርሚናል› እንምጣ። ሮማውያን በሁለት እርሻ መካከል የሚተክሉትን የወሰን ድንጋይ ‹ተርሚኑስ› ይሉት ነበር። አልፈውም አምላክ አድርገውታል፤ በፌብሩዋሪ 23 በዓሉ ሲደርስ ጎረቤታሞቹ ከሁለቱም ወገን መጥተው ድንጋዩን የአበባ ጉንጉን ያለብሱታል። ፎገራ ሜዳ ላይ ሩዝ የሚያርስ ገበሬ ይህን ቢሰማ የሚገርመው አይመስለኝም፤ የወሰን ድንጋይ የገፋ ሰው በሽማግሌ ፊት ምን እንደሚያገኘው ያውቀዋል። ከድንጋዩ ቃሉ ወደ ባቡር ሐዲድ መጨረሻ ሄደ፤ ከዚያ ወደ ኤሌክትሪክ ሽቦ ጫፍ፤ ከዚያ በሽቦ ጫፍ ላይ ወደ ተቀመጠው ማሽን። ፍቺው በመሠረቱ አልተለወጠም። እዚህ ጋ የእኔ ያበቃል፣ የአንተ ይጀምራል።

እኛ ቃሉን ብዙ ጊዜ አሳልፈነዋል። የጅቡቲው ባቡር 784 ኪሎ ሜትር ተጉዞ የሚያበቃው አዲስ አበባ ነበር፤ ‹ተርሚኑስ› የሚለውን ለመዋስ ከዚያ የተሻለ ቦታ አልነበረም። ሰው ግን ፈረንሳዮቹ ‹ላ ጋር› ሲሉ ሰማ፣ ለገሃር ብሎ ሰፈር ሰየመበት። ከጣሊያኖቹ የወሰድነው የመጨረሻውን ሳይሆን የመሐሉን ነው፤ ፌርማታ፣ ‹መቆሚያ›። ለአውቶቡሱ መናኸሪያ አለን። ‹ተርሚናል› በአማርኛ አፍ የገባው ዘግይቶ፣ በአውሮፕላን ነው፤ “ቦሌ ተርሚናል 2 ጠብቀኝ” እንደምንለው።

ግዕዝ ብንጠይቅ ‹ጽንፍ› ያቀብለናል፤ ዳር፣ ጫፍ፣ የልብስ ጠርዝ ማለት ነው። ብዙው ‹አጽናፍ› ነው፤ ‹አጽናፈ ዓለም› ስንል የዓለምን ዳርቻዎች ሁሉ መጥራታችን ነው። በሌላ ዘመን ቢሆን ኮምፒውተሩን ከሰው የሚያገናኘውን ጫፍ ጽንፍ ባልነው ነበር። ዛሬ ‹ጽንፈኛ› ከሚለው ቃል ማን ያላቅቀዋል? ‹ጠረፍ›ም አለ፤ ከዐረብኛው ‹ጠረፍ›፣ ዳር ከሚለው የመጣ። እሱ ደግሞ ጠመንጃና ጠረፍ ጠባቂ ያስታውሳል።

እኔ የምመርጠው ‹ኬላ›ን ነው፤ ይፋግ ስላደግሁ ሊሆን ይችላል። ቃሉን የማስጠጋው ለግዕዙ ‹ከልአ› ነው፤ ከለከለ ማለት ነው። ኬላ መከልከያ ነው፤ ሆኖም ሁልጊዜ የሚከለክል ኬላ የለም። ጠይቆ፣ ተቀብሎ፣ የሚያሳልፍ ክልከላ ነው። ተርሚናልም እንዲሁ ነው፤ የገባውን ሁሉ አይሰድም፣ የወጣውን ሁሉ አያፈስም።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ይፋግ ከቤጌምድር ትልልቅ ገበያዎች አንዷ ነበረች። አውሮፓውያን ተጓዦች ‹ኢፋግ› እያሉ ጽፈዋታል። ከጎጃሙ የባሶ ገበያ ተነሥቶ ወደ ጎንደር፣ ከጎንደርም ወደ ምጽዋ የሚያቀናው የሲራራ መንገድ በእሷ በኩል ያልፋል። ቡና፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስ ወደ ሰሜን ይሄዳል፤ አሞሌ ጨው ወደ ደቡብ ይወርዳል። ሰውም ይሸጥ ነበር፤ ወደዚህ እመለሳለሁ። በዚያ መንገድ ላይ የኬላው አዛዥ ነጋድራስ ነው፤ ‹ነጋድ› ነጋዴዎች፣ ‹ራስ› አለቃ። ‹ጉምሩክ› የምንለው ቃል ግን ባዕድ ነው፤ ከቱርኩ ‹ጉምሩክ›፣ ቱርኩ ከግሪክ፣ ግሪኩ ከላቲኑ ‹ኮሜርቺዩም›፣ ማለትም ከንግድ የወሰደው። ‹ኬላ› ግን እንደ እኔ ግምት ከዚሁ የበቀለ ነው።

የሲራራው ነጋዴ ግብሩን የሚቀበለውን መስፍን ዓይኑን አያየውም። የሚያየው ኬላውን ነው። ዛሬም ከወረታ ወደ አዲስ ዘመን በሚወስደው አስፋልት ላይ ኬላ ማለት ብዙ ጊዜ ሁለት እንጨትና በመካከላቸው የተወጠረ ገመድ ነው። ሾፌሩ ገመዱን ሲያይ ይቆማል። ገመዱ ይቁም ያለውን የሚያቆም፣ ይለፍ ያለውን የሚያሳልፍ ከሆነ ‹ይህ ሐሳዊ ኬላ ነው፤ እውነተኛው ግንብ ነበረው› ብሎ የሚከራከር ሾፌር አላውቅም። ኬላ የሚሆነው በሥራው ነው።

ይህን ነገር በሥራ ላይ ነው የተረዳሁት። ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት በየሌሊቱ መዝገብ የሚያወጣ አሮጌ ፕሮግራም ነበረው፤ ሲነሣ የይለፍ ቃል ይጠይቃል፣ ከዚያ ‹አዎ› ወይም ‹አይ› እንዲባል ይፈልጋል። አንድ ሠራተኛ ለዚህ ብሎ ያመሻል። እኔ በእሱ ፈንታ የሚመልስ ፕሮግራም ጻፍኩና በቧንቧ አገናኘኋቸው። (ዩኒክስ ‹ፓይፕ› የሚለውን ነው ቧንቧ ያልኩት፤ ይህ እንኳ ትርጉም አያስቸግርም።) አሮጌው እምቢ አለ። እንዲህ ያለ ፕሮግራም ሲነሣ ከርነሉን ‹ከፊቴ ያለው ቲቲዋይ ነው?› ብሎ ይጠይቃል፤ ‹አይደለም› ከተባለ ጠባዩ ሁሉ ይለወጣል። የይለፍ ቃል አልቀበልም ይላል። መልሱን መስመር በመስመር ከመስጠት ይልቅ በሺሕ የሚቆጠር ፊደል እስኪጠራቀም አፍኖ ይይዛል። የእኔው ፕሮግራም ጥያቄ ይጠብቃል፣ አሮጌው ጥያቄውን በሆዱ ይዞ መልስ ይጠብቃል፤ እስኪነጋ እንደተፋጠጡ።

መውጫውን ያገኘሁት ፓይተን ከሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ነው፤ እዚያ ‹ፒቲዋይ› የሚባል ክፍል አለ። አንዲት ትእዛዝ፣ ‹ፎርክ›፣ ፕሮግራሙን ለሁለት፣ አባትና ልጅ አድርጋ፣ ትሰነጥቀውና ልጁን በአዲስ ሱዶ ተርሚናል ላይ ታስቀምጠዋለች። ‹ፎርክ›ን ከተሜው ሹካ ይለዋል፤ የላቲን አባቱ ‹ፉርካ› ግን መንሽ ነው፣ አውድማ ላይ ገለባ የምናነሣበት ባለ ሁለት ጣት እንጨት። አሮጌው ፕሮግራም በዚህ መንሽ ጫፍ ላይ ሲቀመጥ ‹ቲቲዋይ ነው?› ብሎ ጠየቀ፤ ከርነሉም ‹ነው› አለ። ከርነሉ አልዋሸም። ነበርና።

በሁለቱ ጫፎች መካከል የተቀመጠ አንድ ደንብ አስከባሪ አለ፤ በእንግሊዝኛው ‹የመስመር ሥነ ሥርዓት› ይሉታል። ሥራው ሦስት ያህል ነው። የገባውን ፊደል መልሶ ለጻፈው ያሰማል፤ የተሳሳተውን ያጠፋል፤ ‹አቁም› የሚል ቁልፍ ሲመታ ፕሮግራሙን ያስደነግጣል።

የመጀመሪያውን ‹ኤኮ› ይሉታል፤ የግሪኳ ኤኮ ድምፅ ብቻ የቀረላት ውብ ናት፣ የእኛ የገደል ማሚቶ። እኔ ግን ሌላ ነገር ነው የሚታየኝ፤ አዝማሪ ቤት። አንዱ ታዳሚ “ተቀበል!” ይልና ግጥሙን ይሰጣል፤ አዝማሪው ስንኙን ሳያጓድል በመሰንቆው ላይ አድርጎ ይመልሰዋል። የሚሰማው ሰው ቃሉ የአዝማሪው ይመስለዋል፤ የሰጠው ግን ሌላ ነው። ቁልፍ ስንመታ ፊደሉ ስክሪን ላይ ብቅ የሚለውም እንደዚሁ ነው። ጣታችን በቀጥታ የጻፈው ይመስለናል፤ ደንብ አስከባሪው ተቀብሎ የመለሰው ነው። የይለፍ ቃል ሲጠየቅ ፕሮግራሙ “አትቀበል” ይለዋል፣ አዝማሪውም ዝም ይላል። ለዚህ ነው የይለፍ ቃል ስንጽፍ ስክሪኑ ባዶ የሚሆነው። እኔ አዲስ ሰው ሳስተምር ይህን የምነግረው በአዝማሪ ነው፤ ማሚቶ ዝም አትባልም።

ማጥፋቱ ላይ ፊደላችን ዋጋ ከፍሏል። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገባ፤ ዛሬ በተለመደው አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደላችን ሦስት ባይት ይወስዳል። ‹ይፋግ› ሦስት ፊደል፣ ዘጠኝ ባይት ናት። ደንብ አስከባሪው ግን የተማረው በእንግሊዝኛ ነው፤ ለእሱ አንድ ፊደል አንድ ባይት ነበር። ስለዚህ ‹ይፋግ› ጽፎ አንድ ጊዜ ማጥፊያውን የመታ ሰው ‹ግ›ን አጠፋሁ ይላል፤ ከዘጠኙ የሄደው አንዱ ነው፣ የ‹ግ› ሁለት ሦስተኛ አሁንም ተቀምጧል። ፕሮግራሙ ይህን ስባሪ ይቀበልና የጥያቄ ምልክት ወይም ባዶ ሣጥን ያወጣል። ሊኑክስ ይህን የሚያርም መቀየሪያ ያገኘው በ2004 እ.ኤ.አ.፣ በ2.6.4 ዕትሙ ነው። ራሱ ሱዶ ተርሚናል የሚከፍት ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ይህን መቀየሪያ ማብራት ከረሳ ስሕተቱ ዛሬም ይመለሳል። እኔ ረስቼ አውቃለሁ። ስፋቱም ሌላ ጣጣ ነው፤ ተርሚናል ለቻይንኛ ምልክት ሁለት ክፍል ሲመድብ ለግዕዝ የሚሰጠው አንድ ነው፣ ‹ጨ›ና ‹ሠ›ም በእንግሊዝኛው ፊደል በ‹አይ› ልክ ቤት ይኑሩ ይባላሉ። ያ 80 ዓምድ ራሱ ከአይቢኤም የ1928 እ.ኤ.አ. ቀዳዳ ካርድ የተወረሰ ነው፤ ቪቲ 100ን ሲሠሩ ‹ጨ›ን ያሰበ አልነበረም።

አሁን ‹ኢሙሌተር›። ላቲኑ ‹ኤሙሉስ› ተፎካካሪ፣ እኩል ልሁን ባይ ማለት ነው፤ ትንሽ ቅናትም አለበት። ተርሚናል ኢሙሌተር ስክሪናችን ላይ የምንከፍተው ባለ ጥቁር ገጽ ፕሮግራም ነው፤ የቪቲ 100ን ቋንቋ ያውቃል፣ ‹ቀይ አድርግ› ‹ወደ ላይ ውጣ› የሚሉትን ስውር ትእዛዞች እሱ እንደፈታቸው ይፈታል። ብዙ ተርጓሚ ‹አስመሳይ› ይለዋል። ሰዋስዉ ልክ ነው፤ ‹መሰለ› ላይ ‹አስ› ሲጨመር ይወጣል። ግን አስመሳይ በሰፈራችን ስድብ ነው፤ አስመሳይ ብለህ የጠራኸው ሰው ቡና አያጠጣህም።

ለዚህ ግብር የተሠራ የማዕረግ ስም ደብረ ታቦር ውስጥ ነበረን፤ ሊቀ መኳስ። ሊቀ መኳስ በጦርነት የንጉሡን ልብስ ለብሶ፣ እንደ ንጉሡ ተሸልሞ የሚቆም ባለሟል ነው። ጠላት ንጉሡን አገኘሁ ብሎ ወደ እሱ ይተኩሳል። እንግሊዛዊው ጆን ቤል ደብረ ታቦር በራስ ዓሊ ቤት ኖሮ፣ ኋላ ከዐፄ ቴዎድሮስ ይህን ማዕረግ ተቀብሏል፤ በ1860 እ.ኤ.አ. በጦርነት የሞተው ከንጉሡ ጎን ነው። በዓድዋ ዘመን ደግሞ ሊቀ መኳስ አባተ ይታወቃሉ። ሊቀ መኳስን ‹አስመሳይ› ያለ ታሪክ ጸሐፊ አላጋጠመኝም። መልበሱ ክብር ነው። ኢሙሌተሩም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ የሞተውን የቪቲ 100 ልብስ ለብሶ ይቆማል፣ ፕሮግራሙም የሚተኩሰውን ሁሉ ወደ እሱ ይተኩሳል።

ልብሱ የኢሙሌተሩ ነው። ሥልጣኑስ? ከርነሉ ያበጀው ጥንድ ጫፍ ልብስ አይለብስም፤ ቀለምም መስመርም አያውቅም። እሱ የሚወክል ነው። እዚህ ላይ ነው አማርኛ እጅግ የታደለው። ‹እንደራሴ› አለን፤ እንደ ራሴ። ተፈሪ መኰንን ከ1909 ዓ.ም. ጀምሮ የተጠሩበት ነው። ከእሱ ዝቅ ብሎ፣ ለገጠሩ ቀረብ ብሎ ‹ምስለኔ› አለ፤ ምስለ እኔ። ገዥው በሌለበት ‹እሱ ያለው እኔ ያልኩት ነው› ብሎ የሾመው ሰው ነው። ሥሩ ያው ‹መሰለ› ነው፤ አስመሳይን የወለደው፣ ምሳሌንም፣ ምስልንም፣ አምሳያንም። በግዕዝ ‹ምስለ› ‹ከ… ጋር› ማለትም ነው፤ የሚመስል ነገር አብሮ የሚቆም ነገር ነውና። ከአንድ ሥር አንዱ ቅርንጫፍ ወደ ነውር፣ ሌላው ወደ ሹመት ወጣ። ምስለኔው የሰጠው ደረሰኝ ደረሰኝ ነው፤ ሐሳዊ ደረሰኝ አይባልም።

ቃሉን የበለጠ የወደድሁት በሌላ ምክንያት ነው። ዩኒክስ የጥንዱን ጫፎች ሲሰይም አንዱን ‹ጌታ›፣ ሌላውን ‹ባሪያ› ብሎ ነበር። ፕሮግራሙ የሚይዘው ጫፍ ባሪያው ነው፤ ‹ፒቲኤስ› ከሚለው ስም ውስጥ ‹ኤስ› እሱን ታመለክታለች። የእንግሊዝኛው ‹ስሌቭ› የስላቭ ሕዝብ ስም ነበር፤ በመካከለኛው ዘመን ብዙዎቹ ተማርከው ከመሸጣቸው የተነሣ የሕዝቡ ስም የዕጣው ስም ሆነ። እኛ ዘንድም ዛሬ ናራ የሚባሉትን ሕዝብ ጎረቤቶቻቸው ‹ባርያ› ሲሏቸው ኖረዋል፤ ተመሳሳዩ ጥላሸት ነው። በይፋግ ሲራራ መንገድ ያለፉትን ሰዎች ሳስብ ይህን ቃል ለመሣሪያ ጫፍ መስጠት አልሆንልህ ይለኛል። ባርነት በሕግ ፍጹም የተሻረው በ1934 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ነው፤ የቅርብ ጊዜ ነው። የዩኒክስ ደንብ አውጪዎችም በ2024 እ.ኤ.አ. የፖዚክስ ዕትም ሁለቱን ቃላት ቀይረዋቸዋል። ብልሃታቸው ደስ ይላል፤ ‹ኤም›ና ‹ኤስ› የሚሉት ፊደላት በየፋይሉ ስለተዘሩ እነሱን ሳይነኩ ‹ማኔጀር›ና ‹ሰብሲዲያሪ› አሉ። የበላይና የበታች እንደ ማለት።

እኛ መኮረጅ አያስፈልገንም። ሹምና ምስለኔ እንበላቸው። ‹ሹም› ከግዕዙ ‹ሤመ›፣ ሾመ ከሚለው ነው፤ ሢመትና ሹመት ወንድማማቾች ናቸው። ሹሙ ጫፍ በኢሙሌተሩ እጅ ነው፤ ምስለኔው ጫፍ በፕሮግራሙ ፊት ይቀመጣል። ፕሮግራሙ ሹሙን አያየውም፤ ጉዳዩን የሚጨርሰው ከምስለኔው ጋር ነው። ሹሙ ሲሻር፣ ማለትም ኢሙሌተሩ ሲዘጋ፣ ከርነሉ ለፕሮግራሙ አንድ መልእክት ይልካል፤ በእንግሊዝኛው ‹ስልኩ ተዘጋ› የሚል ስም አለው፣ በስልክ ሽቦ ከሚገናኙበት ዘመን የተረፈ። ብዙው ፕሮግራም ይህን ሲሰማ ይሞታል። ሹም ሲሻር ምስለኔው በወንበሩ ላይ አያድርም፤ ስልኩ ባይኖርም ይህን የቤጌምድር ሰው ያውቀዋል።

መስኮቱ ቀረ። ኢሙሌተር የሚኖረው በመስኮት ውስጥ ነው። እንግሊዝኛው ‹ዊንዶው› ከጥንት ኖርዲኮች ‹ቪንድአውጋ› የመጣ ነው፤ የነፋስ ዓይን። የኮምፒውተሩ መስኮት ታሪክ ራሱ የፊደል ቀልድ አለበት፤ ስታንፎርድ ውስጥ ‹ደብልዩ› የሚባል የመስኮት ሥርዓት ነበር፣ በ1984 እ.ኤ.አ. ኤምአይቲ ላይ ከእሱ የተወለደው አዲሱ የሚቀጥለውን ፊደል ወስዶ ‹ኤክስ› ተባለ። በዚያው ዓመት ማርክ ቫንደቮርድ የሚባል ተማሪ የጻፈው ኢሙሌተር ‹ኤክስተርም› ሆነ፤ ኤክስና ተርሚናል። እስከ ዛሬ ይሠራል። ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ጥንዱን ጫፍ ራሱ ከፍቶ ኤክስተርምን ‹ሹሙን አንተ ያዝልኝ› ማለት ይችላል፤ መስኮቱ ይከፈታል፣ ከመስኮቱ በስተጀርባ ያለው ግን የእሱ ፕሮግራም እንጂ የተለመደው ትእዛዝ ተቀባይ ሼል አይደለም። ያ አሮጌ መዝገብ አውጪ ሲያስቸግረኝ እንዲህ አድርጌ ጭውውታቸውን ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። መስኮቱን በመዳፊት ሳሰፋው ኢሙሌተሩ አዲሱን ስፋት ለከርነሉ ይነግራል፣ ከርነሉም ፕሮግራሙን ‹መስኮት ተለወጠ› በሚል ምልክት ይቀሰቅሰዋል። ቴሌታይፕ እንዲህ ያለ ነገር አልሞም አያውቅ፤ ወረቀት አይሰፋም።

የእኛ ‹መስኮት› ከግዕዝ ሳይለወጥ የወረደ ነው። ብዙው ‹መሳክው› ነው፤ ነጠላው የደበቀውን ‹ወ› ብዙው ያወጣዋል። ቃሉን ደጋግሞ የምናገኘው በመጽሐፈ ሄኖክ ነው፤ የሰማይ ብርሃናትን ጉዞ በሚናገረው ክፍል። በዚያ ፀሐይ የምትወጣባቸው ስድስት ደጆች በምሥራቅ፣ የምትገባባቸው ስድስት በምዕራብ አሉ፤ ከደጆቹም ግራና ቀኝ ብዙ መስኮቶች። ደጁ ‹ኆኅት› ነው፣ ብዙው ‹ኀዋኅው›። የሄኖክ ሙሉ ቃል በዓለም ላይ ተጠብቆ የቀረው በግዕዝ ነው፤ ስለዚህ ደጅና መስኮትን በአንድ ሥዕል ላይ አድርጎ ማሰብ ለዚህ አገር ደብተራ አዲስ ነገር አይደለም። ደጁ የሚያልፈውን ይለካል፤ መስኮቱ ያሳያል። ኬላና መስኮት፣ ምስለኔና ሊቀ መኳስ።

ይህን ሁሉ ለእኅቴ ልጅ ሳስረዳው እናቴ ቡናውን ይዛ መጥታ ነበር። ልጁ ‹ሐሳዊ›ን አጠፋና ‹ምስለኔ ተርሚናል› ብሎ ጻፈ፤ ጮክ ብሎም አነበበው።

“ምስለኔ?” አለች እናቴ፣ ስኒውን እንደያዘች። “አባቴን በሬውን ያሸጠው ምስለኔ? ኧረ የፊተኛው ይሻላል!”